በአዲስ አልኮል ታጥቧል

ሰውዬው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ወርቅ ሲያጥብ ኖሯል፤ ጣቱ ላይ ግን የጋብቻ ቀለበቱ እንኳን የለም። አልኮል ውስጥ ወልቆ ይቀራል ብላ ሚስቱ በተጋቡ በሦስተኛው ወር ተቀብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

የሚያጥበውንም ወርቅ ወርቅ ብሎ ለመጥራት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የመስታወት ቁራጭ ነው፤ አንድ ገጹን ማሽን ወርቅ ይቀባዋል። ቅቡ ከመሳሳቱ የተነሳ በሃያ ሰባት ዓመት ያጠበው ሁሉ ተፍቆ ቢሰበሰብ አንድ ጥርስ በወጉ አያለብስም። እሱ ቁራጩን በወረንጦ ይዞ አልኮል ውስጥ ያጥበዋል፤ ከዚያ ተመራማሪዎቹ ያዘጋጁት ብልቃጥ ውስጥ ነክሮ እስከ ማግስቱ ይተወዋል። በማግስቱ ወርቁ ልብስ ለብሶ ይወጣል። ልብሱ ውፍረቱ አንድ ሞለኪውል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ ጫፉ ላይ ድኝ አለው፤ ድኝ ደግሞ ወርቅ ካገኘ አይለቅም። ስለዚህ ሞለኪውሎቹ በድኛቸው ወርቁን ነክሰው እንደ ብሩሽ ጸጉር ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

ከላይ ደግሞ መርፌ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ እንደ ሜርኩሪ ያለ ፈሳሽ ብረት ቀስ ተደርጎ ይወርድና የብሩሹን አናት ይነካል። ከታች ወርቅ፣ ከላይ ፈሳሽ ብረት፣ መሀል ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልብስ። በደንቡ ከሆነ ኤሌክትሮን ማለፍ የለበትም። ያልፋል። አይዘልም፣ አይሰብርም፣ በር አያስከፍትም፤ ከወዲህ የነበረው ከወዲያ ይገኛል፣ በቃ።

ይህንን አንድ ቀን እራት ላይ ለሚስቱ ለማስረዳት ሞክሮ ነበር።

«ግድግዳው ስስ ከሆነ ሳይነካው ማዶ ይገኛል።»

«እንደ ጎረቤታችን ወሬ በለኛ» አለች።

«እንደዚያ። ግድግዳው በወፈረ ቁጥር ግን የሚያልፈው እያነሰ ይሄዳል።»

«ይኼኛው እንኳን የጎረቤታችንን ወሬ አይመስልም።»

ግድግዳውን የሚያወፍረው የሞለኪውሉ ርዝመት ነው። ሁለት ካርቦን በጨመሩበት ቁጥር የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት ሰባት ስምንት እጥፍ ይወድቃል። ይህንን ደንብ የማያከብር ሞለኪውል እስከዚያ ዓመት ድረስ በዚያ ቤተ ሙከራ ታይቶ አያውቅም።

ሰውዬው መታወቂያው ላይ ደህና ስም አለው። በሥራ ቦታው ግን ጋሽ ጠብታ ነው። ከዓመታት በፊት አልኮል ጠፍቶ ስምንት ወር ሙሉ አጎራባች ቤተ ሙከራዎች ተራ በተራ ሥራ ሲያቆሙ የእነሱ ብቻ ሳያቆም ከርሟል። ምስጢሩ እሱ ነበር። ያጠበበትን አልኮል አይደፋም፤ በማጣሪያ ወረቀት ያጠልለዋል፣ ወደ ትልቁ ጠርሙስ ይመልሰዋል፣ በማግስቱ ያጥብበታል። ጠርሙስ ገልብጦ የመጨረሻዋን ጠብታ ቆሞ ሲጠብቅ ያየው ሰው ነው ስሙን ያወጣለት። የንብረት ክፍል ኃላፊው «አርአያነት ያለው ቁጠባ» የሚል የምስክር ወረቀት በእጁ ሰጥቶታል፤ እሱም በፍሬም አድርጎ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ሰቅሎታል።

አልኮሉ ተመልሶ መጣ። ልማዱ ግን አልሄደም። የሥራ መመሪያው ቁራጩ በአዲስ አልኮል ይታጠብ ይላል፤ ጠብታም በየቀኑ መዝገቡ ላይ «በአዲስ አልኮል ታጥቧል» ብሎ ይፈርማል። ሲፈርም እጁ አይንቀጠቀጥም። የተጠለለ አልኮል ጥርት ያለ ነው፣ ሽታው ያው ነው፣ የጠጣውንም ሰው ያሰክራል፤ ከዚህ በላይ አዲስነት ምንድነው?

አንዲት ልጅ ለዶክትሬቷ ወደዚያ ቤተ ሙከራ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። በመጣች በሳምንቱ አንድ ብልቃጥ ሰበረች፤ ማንም አላየም፤ እሷ ግን መዝገቡ ላይ «እኔ ሰበርኩት» ብላ ቀን ከነሰዓቱ ጻፈች። ጠብታ በሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንብቦ ስለማያውቅ ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶክተርዬ ይላታል።

«ገና ነኝ እኮ ጋሼ» ትላለች፣ ደስ እያላት።

«እኔ ቀደም ብዬ ልለማመድ ነው።»

ሥራዋ አንድ አዲስ ሞለኪውል ነበር፤ በአምስት የተለያየ ርዝመት፣ በአምስት ብልቃጥ። ለካች። የአጭሩም የረዥሙም ጅረት እኩል ሆነ። ደግማ ለካች፣ እኩል። አንድ ዓመት ሙሉ ለካች፣ መስመሩ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ቀረ። የውጤቱን ወረቀት ያየው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር በኮሪደሩ ሮጠ። ያ ሰው የእሳት ማንቂያ ጮሆ እንኳን በእርምጃ ነው ደረጃ የሚወርደው።

«ርዝመት የማይበግረው ሞለኪውል!» እያለ ነበር የሚሮጠው።

አርብ ጠዋት በአራት ሰዓት ልጅቷ ጥናቷን ፈታኞች ፊት እንድታቀርብ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጽሑፉ ለመጽሔት እንዲላክ ተወሰነ።

ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ብቅ አለ።

«ጋሽ ጠብታ፣ አንድ ፎቶ ብቻ ቀርቶናል። ባዶ ወርቅ ላይ ውሃ ጠብ አድርግና አንሳልኝ፣ የለበሰው ላይም እንዲሁ። ጎን ለጎን እናስቀምጣቸዋለን።»

ቀላል ሥራ ነው። ንጹሕ ወርቅ ላይ ውሃ ይተኛል፤ ልብስ የለበሰው ላይ ግን እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ይቆማል። ጠብታ ብልቃጥ ያላየ አንድ አዲስ ቁራጭ ከማጠቢያው አልኮል አውጥቶ አደረቀና ውሃ ጠብ አደረገበት።

ውሃው ዶቃ ሆኖ ቆመ።

ጠብታ ዶቃውን አየው፤ ዶቃውም እሱን ያየው መሰለው። ቁራጩን ጥፋተኛ አድርጎ ሌላ አወጣ። ቆመ። ሦስተኛ አወጣ። ቆመ። አራተኛውን አልኮል ሳያስነካ በቀጥታ ከማሽኑ አመጣው። ውሃው ከመንገድ ደክሞት እንደገባ ሰው ዘርጋ ብሎ ተኛ።

ነገሩ ሊቅ አይፈልግም። ዓመታት ሙሉ ለብሰው የወጡትን ቁራጮች ሁሉ ያለቀለቀው በዚያው አልኮል ነው። ከየቁራጩ የተራገፈው ሞለኪውል እዚያው ቀርቶ ከዓመት ዓመት ተጠራቅሟል፤ የማጣሪያ ወረቀት አቧራ ይይዝ እንደሆን እንጂ ሞለኪውል አይይዝም። አዲሱ ወርቅ ገና አልኮሉ ውስጥ ሲገባ፣ ጠብታ ወጣ ብሎ ሻዩን ጠጥቶ እስኪመለስ፣ የድሮዎቹ ቦታ ይዘው ይጠብቃሉ። የዶክተርዬ ሞለኪውል ሲመጣ መቀመጫ የለም። አጭሩ ይምጣ ረዥሙ ይምጣ፣ ወርቁ ላይ የቆመው ያው የድሮው ነው። አምስቱ ቁራጮች እኩል ያሳለፉት አምስቱም አንድ ልብስ ለብሰው ስለኖሩ ነው።

ርዝመት የማይበግረው ሞለኪውል የለም። ያለው ከመታጠቢያው አጠገብ የተቀመጠ ትልቅ ጠርሙስ ነው።

ጠብታ ያልታጠበው ቁራጭ ላይ የተኛውን ውሃ ፎቶ አነሳና ወስዶ ለፕሮፌሰሩ ሰጠ።

«ግሩም!» አለ ፕሮፌሰሩ።

ጠብታ ወደ መታጠቢያው ተመልሶ እጁን ታጠበ። እስከዚያ ጠዋት ድረስ የሠራው ጥፋት ባለማወቅ የሠራው ነበር። ያ ፎቶ ግን እያወቀ የሠራው የመጀመሪያው ነው። የምስክር ወረቀቱ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል፤ ሊያወርደው አሰበና መሰላል መጠየቅ ምክንያት ያስጠይቃል ብሎ ተወው።

ማክሰኞ ሊነግራት ቆረጠ። ንግግሩን በአውቶቡስ ውስጥ አሰናድቶ፣ ሁለቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተለማምዶ፣ አጠገቡ የተቀመጡትን ሴትዮ ቦታ አስለውጦ ገባ። ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችው። እጇ ላይ ወረቀት አለ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ!»

«ደግሞ ምን ልታሳዪኝ ነው?»

«ይግለጡ። ያንብቡት። ሦስተኛው ላይ።»

የጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ነበር። ከላይ የእሷ ስም፣ ቀጥሎ የፕሮፌሰሩ፣ ሦስተኛው የራሱ ስም። ጠብታ የሚል የለውም፤ የመታወቂያው ስም ነው፣ ከእነ አባቱ።

«ፕሮፌሰሩን ለምኜ ነው። ወርቁን ያጠበልኝ ሰው ስሙ ካልገባ የእኔም አይግባ አልኩት።»

ጠብታ አፉን ከፈተ። የአውቶቡሱ ንግግር እዚያው ምላሱ ላይ ነበር።

«የአባቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል» አለ።

«ውይ! ይቅርታ ጋሼ» ብላ እርሳሷን አወጣች፤ ፊደሉን አስገብታ ከሥሩ አሰመረችበት። «አሁንስ?»

«አሁን ሙሉ ነው።»

እስከ አርብ ድረስ ስለራሱ የተናገራት እውነት ይህቺ ብቻ ናት።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሰምታለች፤ እንዴት እንደሰማች እሱም አልጠየቀም። እህቷ ጋ ደውላ ጨርሳ የእሱ ወንድም ጋ ጀምራ ነበር። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ቁም ሳጥኑን ከፈተች።

«እንካ። አርብ ፎቶ መነሳትህ አይቀርም፤ ያላገባህ ይመስላቸዋል።»

ቀለበቱን በሳሙና አስገባችለት። ጣቱ ወፍሮ ስለነበር መግባቱን እንጂ መውጣቱን የሚያረጋግጥ አልነበረም።

«ምን ሆነሃል? ደስ አይልህም እንዴ?»

«ጠብቆኝ ነው» አለ።

ረቡዕ አዲስ ሐሳብ መጣለት። ሐሳቡ የፈሪ ሐሳብ መሆኑን ያወቀው በጣም ብልጥ መስሎ ስለታየው ነው። እሱ ለምን ይነግራታል? ራሷ ትድረስበት!

«ዶክተርዬ፣ ፈታኞቹ ትኩስ ቁራጭ አሳዪን ቢሉሽስ? አምስት ልሥራልሽ።»

«እጅዎ ይባረክ ጋሼ። እንዴት አሰቡልኝ!»

ጠብታ ምርቃቱን ይዞ ወጣ። ከመጋዘን ያልተከፈተ የአልኮል ጠርሙስ አውጥቶ ክዳኑን ሲያዞር ማሸጊያው ቀጭ አለ፤ ሰው ሰምቶ እንደሆን ዞር ብሎ አየ። አምስቱን ቁራጮች በዚያ አጠበ፣ ውሃ ጠብ አድርጎ መተኛቱን አረጋገጠ፣ ከዚያ በየብልቃጣቸው ነከራቸው። መዝገቡን ከፍቶ «በአዲስ አልኮል ታጥቧል» ብሎ ጻፈ። ከስንት ዓመት በኋላ እውነት ሆኖ ሲጻፍ ፊርማው የሌላ ሰው መሰለ።

ሐሙስ ልጅቷ መለካት ስትጀምር እሱ ከመስታወቱ በር ውጭ ያልቆሸሸ ወለል ይወለውል ነበር። አጭሩ መጀመሪያ ገባ፤ ጅረቱ ከለመደችው እጅግ በለጠ። ግንባሯን ቋጠረች። ሁለተኛው ዝቅ አለ። ሦስተኛው ከዚያ ዝቅ፣ አራተኛው ከዚያም ዝቅ። አምስተኛው ላይ ጅረቱ ካለመኖር የማይለይ ሆነ። ሰባት ስምንት እጥፍ፣ ሰባት ስምንት እጥፍ፤ ማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁልቁለት እስክሪኑ ላይ ተሠራ።

ጠብታ መወልወያውን ይዞ ጠበቀ። አሁን ትጮሃለች። አሁን በሩን በርግዳ «ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ!» ትላለች፤ እሱም አብሮ ይደነግጣል። አደነጋገጡን ሁሉ አስቦበት ነበር።

አልጮኸችም። ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች ደግማ አየችው። ከዚያ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ አቅጣጫ አየች፣ ወረንጦውን አነሳች፣ ቁራጮቹን አንድ በአንድ «የተሰበረ መስታወት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቅርጫት ውስጥ ጣለች። አምስት ጊዜ ቅጭል አለ። እስክሪኑም ባዶ ሆነ።

ስትወጣ ፈገግ ብላለች፤ ፈገግታው ግን የተዋሰችው ይመስል አልሆናትም።

«እንዴት ሆኑልሽ?» አለ።

«ተበላሽተዋል ጋሼ። የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው። ቸኩዬ ነው መሰለኝ።» ትንሽ ራቅ ካለች በኋላ ዞረች። «ለማንም እንዳይነግሩብኝ፣ እሺ?»

በዚህ ሥራ የተበላሸ ቁራጭ መጣል ነውር የለበትም። ልብሱ ቀዳዳ ካለው ጅረቱ ይፈሳል፣ ቁራጩ ይጣላል፣ ማንም አይጠይቅም። የተበላሸ ነገር ግን በተርታ አይበላሽም። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ከዚያ ያነሰ፣ ከዚያም ያነሰ እያለ ሰልፍ ይዞ የሚበላሽ ነገር የለም። ይህንን ልጅቷ ከእሱ አሥር እጅ አብልጣ ታውቃለች።

እስከ ሐሙስ ድረስ ያበላሸው ወርቅ ነበር። ወርቅ ይጣላል፣ ሌላ ይቀባል። የሰበረችውን ብልቃጥ ሰበርኩ ብላ የጻፈችውን ልጅ ግን ማን መልሶ ይቀባታል? ጠብታ መወልወያውን ባልዲ ውስጥ ነከረው፤ ሳይጨምቀው ወለሉ ላይ አሳረፈው፤ ውሃው እስከ በሩ ድረስ ሄደ።

አርብ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ቤተ ሙከራ ገብቶ ነበር። ሚስቱ ከወንድሟ የተዋሰችለትን ክራባት አስራ ልካዋለች፤ ቀለበቱ ጣቱን ይዞታል። ቅርጫቱን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ከስብርባሪው መካከል አምስቱን በወረንጦ ለቀመ። ልጅቷ ሁለት ሰዓት ላይ አዲስ ጫማ እያንኳኳች ገባች።

«ጋሼ! እንዴት አምሮብዎታል!»

«ነይ እስቲ፣ አንድ ነገር ልይሽ... ላሳይሽ» አለ፤ ክራባቱ አንቆት ነበር።

ማንጠብጠቢያውን አነሳ።

«ይኼ ከማሽኑ የወጣ ነው። አልታጠበም።» ውሃው ተኛ። «ይኼ ደግሞ በእኔ አልኮል የታጠበ ነው። ብልቃጥሽን አላየም።» ውሃው ዶቃ ሆኖ ቆመ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ዶቃውን አየችው። ከዚያ ትልቁን ጠርሙስ አየች። ከዚያ የምስክር ወረቀቱን።

«ይኼ ጠርሙስ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ጀምሮ።»

«ስንቱን ቁራጭ አጠቡበት?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ማለት?»

«ሁሉንም ነዋ፣ ልጄ። ከትናንትናዎቹ በቀር። እነሱ በአዲስ ነው። የእውነት አዲስ።»

አምስቱን ቁራጮች በተርታ አስቀመጠላት። ከየት እንዳወጣቸው አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችም። አንዱ ጫፉ ተሸርፎ ነበር።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለች።

«ሰኞ።»

«ሰኞ?! ሰኞ አውቀው እስከ አርብ? አራት ቀን ሙሉ ዓይኔን እያዩ?»

«ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ። የአባቴ ስም ሲጎድል።»

ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጠብታ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ማበሻ ሊሰጣት ኪሱ ሲገባ ያገኘው የማጣሪያ ወረቀት ነበር። ሰጣት።

«ሦስት ዓመቴ ነው» አለች ከወረቀቱ ጀርባ። «እናቴ ልብስ ሰፍታልኛለች። ፈታኞቹ መጥተዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ እኔስ? ትናንት የጣልኳቸው እኔ ነኝ። መስመሩን አይቼው፣ ምን እንደሆነ ገብቶኝ፣ ነው የጣልኳቸው። እጄ ነው ያልኩዎት ውሸቴን ነው።»

«እሱን እኔ አላየሁም» አለ።

«አይተዋል ጋሼ።»

«አይቻለሁ» አለ። «ግን ያስጣልኩሽ እኔ ነኝ። በግልጽ እንደ መንገር ቁራጭ ቀይሬ ሰጠሁሽ። እዚያ ቅርጫት ድረስ እጅሽን ይዤ የወሰድኩሽ ያህል ነው።»

 ፊቷን ጠርጋ አምስቱን ቁራጮች ሳጥን ውስጥ ደረደረች። ከዚያ መዝገቡን ከፍታ የሐሙስ ገጽ ላይ ጻፈች፤ እሱ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አነበበው። «አምስቱ ቁራጮች አልተበላሹም። እኔ ጣልኳቸው።» ቀኑን ከነሰዓቱ አደረገችበት። እስክሪብቶውን አቀበለችው። እሱ ብዙ ገጽ ወደኋላ ገልብጦ፣ ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶት፣ በመጨረሻ ሽፋኑ ላይ ጻፈ፦ «እዚህ ውስጥ አዲስ የተባለው ሁሉ፣ ከረቡዕ በቀር፣ አዲስ አልነበረም።» ፈረመበት፤ የመታወቂያ ስሙን፣ ከእነ አባቱ።

«ስምዎን ከጽሑፉ ላይ አወጣዋለሁ» አለች በኮሪደሩ ሲሄዱ። «እርስዎን እንዳያስጠይቅዎት።»

«እዚህኛው ላይ አልፈልገውም። ስህተት ነበር ብላችሁ ስትጽፉ ግን አስገቢው። እዚያኛው ላይ አንደኛ ብሆንም ደስ ይለኛል።»

የፕሮፌሰሩ በር ዝግ ነበር። ከውስጥ በስልክ ሲያወራ ይሰማል፤ «ርዝመት የማይበግረው» እያለ ነው፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ለአራት ሰዓት አንድ ሰዓት ከሩብ ይቀራል። ሁለቱ በሩ ፊት ቆሙ።

«ይግቡ ጋሼ።»

«አንቺ ቅደሚ፣ ዶክተርዬ።»

«ዛሬ እንደሱ አይበሉኝ።»

«እሺ። ቅደሚ ልጄ።»

«ኧረ ታላቅ ነዎት፣ ይቅደሙ።»

ጠብታ በሩን ተመለከተው። ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገላቸው ኤሌክትሮኖች ቢሆኑ ኖሮ ይህንን ጊዜ ማዶ ተገኝተው ነበር፤ ማንም «እንዴት ገባችሁ» ሳይላቸው። እሱ ግን ከእነ ክራባቱ ሰማንያ ሁለት ኪሎ ነው፤ በሩም ጠንካራ እንጨት ነው። መዝገቡን ብብቱ ሥር አስገብቶ እጁን አነሳና አንኳኳ። ቀለበቱ እንጨቱን ሲመታ ያልለመደው ድምፅ አወጣ፣ ሹል ያለ።

ስልኩ ተዘጋ።

«ግቡ፣ ግቡ!» አለ ፕሮፌሰሩ፣ ደስታ በሞላው ድምፅ።

በሩ ለሁለት ሰው ጠባብ ነበር። ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ገቡ።